ሁለት ጦር የገባበት ቤት

ሲስተር ለተብርሃን አስመራ ላይ መሞቷን የሰማነው ከስዊድን በተደወለ ስልክ ነው። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ አስመራ መደወል አይቻልም ነበር። ሁለቱ አገሮች ተዋግተው መስመሩ ተቆርጧል፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ አውሮፕላኑም ቀርቷል። የአክስቷ ልጅ ስቶክሆልም ላለ ዘመዱ ነገረ፣ ዘመድየው ለልጇ ለዮናስ ደወለ፣ ዮናስ እያለቀሰ እኔ ቤት መጣ። ድሮ በአውቶቡስ የምንሄድበት ከተማ መርዶ አውሮፓን ዞሮ የካ ገባ። ዮናስ እናቱን አልቀበረም። ሬሳ በሌለበት ድንኳን ተከልን፣ ፎቶዋን መሃል አድርገን አለቀስን።

ለቅሶው ላይ አንድ ጎልማሳ፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን እንዲያው ለወሬ፣ "ለመሆኑ ሴትዮዋ የነማን ነበሩ? የነዚያ ናቸው የኛ?" ብሎ ጠየቀ። ዮናስ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ለሰውየው ቡና ቀዳሁለት። ነገሩ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። አብሬያት የሠራሁት ብዙ ዘመን ነውና የማውቀውን ልናገር።

የካ ተራራ ሥር፣ ባሕር ዛፉ እስከ አጥሩ በሚወርድበት ቦታ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበረች። ለተብርሃን ሃላፊዋ ነርስ ነበረች፣ እኔ ቁስል የማጥብ ድሬሰር። አባቴ እዚያው ኮረብታው ሥር ያርሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው፤ ከተማው ሲደርስባቸው ማረሻቸውን ሰቅለው ዘበኛ ሆኑ። ቤታችን ኦሮምኛ ነው የሚነገረው፣ የምንጸልየው ደግሞ በአማርኛ። ጴንጤ ነን። ሥራ የጀመርኩ ዕለት "ሲስተር፣ ምን ላግዝዎት?" ስላት፣ ከእጇ ላይ ጓንቱን እየገፈፈች ዞር ብላ አየችኝና፦

"ስምሽ ማነው?"

"ጫልቱ።"

"ጫልቱ፣ 'ዎት' አትበይኝ። በአንድ ጊዜ አሮጊት አደረግሽኝ እኮ! እዚህ ቤት 'እርስዎ' የሚባል በሽተኛ ብቻ ነው።"

ከዚያ ወዲህ "አንቺ" እያልኳት ኖርኩ፤ ስሟን ግን አልጠራሁም፣ ሲስተር ነው የምላት። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትስቅ ድምፅዋ ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ ስትናደድ ብቻ "ቀ"ዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ይወርድና አስመሬነቷ ይወጣል። "ወደቅኩ" የሚል ሰው በቡጢ የተመታ ዓይን ይዞ ሲመጣ፣ "አፍ ይዋሻል፣ ቁስል አይዋሽም። ማን መታህ?" ትለዋለች። እኔ ቁስል እያጠብኩ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ካየች ደግሞ፣ "ጸልዪ ግድ የለም፤ ግን ፋሻውን አጥብቀሽ ያዢ" ትለኛለች። ያኔ የኛ ጸሎት ቤት በቀበሌው ተወስዶ የስብሰባ አዳራሽ ሆኖ ነበር። እኔ በየሰው ቤት ተደብቄ እንደምጸልይ ታውቃለች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ባለቤቷ ሻምበል ወርቁ የመንዝ ሰው ናቸው። አስመራ በመቶ አለቅነት ተመድበው ሳሉ ነው የተጋቡት። ታናሽ ወንድሟ ሃብቶም ዩኒቨርሲቲ ሊማር አዲስ አበባ ሲመጣ እነሱ ቤት ነው ያረፈው። ሻምበሉ እንደ ገዛ ወንድማቸው ይወዱት ነበር፤ ካርታ አብረው ይጫወታሉ፣ በአበሻ አረቄ አብረው ይሰክራሉ፣ የመጀመሪያ ሱፉን እሳቸው ናቸው ያሰፉለት። ንጉሡ ወርደው ብዙም ሳይቆይ ሃብቶም አንድ ጠዋት እንደወጣ ቀረ። ሰሜን ገብቶ ከሚዋጉት ጋር ተቀላቀለ ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ሻምበሉ እዚያው ሰሜን ተመደቡ። ሱፉ ከቁምሳጥኑ አልወጣም። ለፈቃድ በመጡ ቁጥር ቁምሳጥኑን ከፍተው ዓይተውት ይዘጉታል አለችኝ።

"የሌላው ሰው ጦርነት በሬዲዮ ነው" ትለኝ ነበር፣ "የኔው ግን ማዕድ ላይ ይቀርባል።"

ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ወቅት ነው። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብለው አገኘሁ። ሸክማቸው መሬት ላይ ነው። አንደኛዋ ቅጠሉን ገለጥ አደረገችው። ከቅጠሉ ሥር አንዲት ኮረዳ አለች። በቀኝ ትከሻዋ የገባው ጥይት የጀርባዋን ሥጋ በጥሶ ወጥቷል። ፀጉሯ በደምና በጭቃ አንድ ላይ ተጣብቋል። ከሌሎች ጋር ጫካ ወስደው ረሽነዋቸው፣ ሞታለች ብለው ጥለዋት ነው። ሌሎቹ ሬሳዎች ላይዋ ወድቀው ነበር። ሲሄዱላት ከሥራቸው ተስባ ወጣች።

"ሰው ናት ብለን ነው" አለች እንጨት ተሸካሚዋ፣ ጥፋተኛ ይመስል። "ትተናት መሄድ አቃተን።"

ለተብርሃን አልጠየቀችም። ሴቶቹን በጓሮ በኩል ሸኘቻቸው፣ የልጅቷን ቁስል አጠበች፣ የተሰባበረውን አጥንት ለቀመች፣ ሰፋቻት። ከዚያ ተስቦ የያዛቸው ሰዎች የሚተኙባት ክፍል አስገብታ ግድግዳው ጥግ አስተኛቻት። ቀን ላይ የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ታምሩ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። የሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ ታናሹን ስትወልድ ያዋለደቻት ለተብርሃን ናት ይባላል።

"ከጫካ የመጣ ቁስለኛ አለ።"

"እዚህ የሚመጣ ሁሉ ቁስለኛ ነው። የቱን ነው የምትለው?"

"በሩን ክፈቺ።"

"ተስቦ ነው። ቅማሉን ካልፈራህ በሩ ክፍት ነው፣ ግባ።"

ታምሩ በሩን ዓየ፣ እሷን ዓየ። ሰዎቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ፤ ተስቦ ያኔ ከጥይት ባልተናነሰ ይፈራ ነበር። ሲያፍር ይመስለኛል የጠመንጃውን ሰደፍ አንስቶ አፏ ላይ የመታት። ከንፈሯ ለሁለት ተሰነጠቀ። እኔ ጮህኩ። እሷ ግን ግድግዳውን ደገፍ አለች፣ የቁስል ማጠቢያውን ሳህን ከእጄ ወስዳ ደሟን ተፋችበትና፦

"ጨርሰሃል? በሽተኛ ይጠብቀኛል" አለችው።

ሄዱ። ከንፈሯን በመስታወት እያየች ራሷ ሰፋችው፤ መስታወቱን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጠባሳው እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም፣ ስትስቅ ወደ አንድ ጎን ይጎትታታል። ልጅቷ መቆም ስትችል እነዚያው ሴቶች ቀዳዳ ቀሚስ አልብሰው፣ ቅጠል አሸክመው፣ ሰልፋቸው መሃል አስገብተው በኬላው አሳልፈው ወሰዷት። ካርቱም ደርሳለች ሲሉ ሰማን። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነች አላውቅም።

ለተብርሃንን ግን ጻድቅ አድርጌ ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ታምሩን ራሱን ተሸክመው አመጡት። ቀበና ድልድዩ ላይ ተቃዋሚዎች አድፍጠው ተኩሰውበት ጭኑ ተቀዷል። እንደ ሕፃን ይጮህ ነበር።

"ማደንዘዣ!" አለ። "ሲስተር፣ በናትሽ ማደንዘዣ!"

"አልቋል" አለችው።

አላለቀም። ሳጥኑን ጠዋት እኔ ነኝ ቁምሳጥን ያስገባሁት። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። "ያዢው" አለችኝ። ያዝኩት። ሥራዋን አንድም አላበላሸችም፤ ጥይቱን አወጣች፣ ያጠበችው በደንብ ነው፣ የሰፋችው በጥንቃቄ ነው። ግን ቀስ ብላ ነው። ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ሲወስዱት ወደ መታጠቢያው ሄዳ እጇን በሳሙና ስታሽ፣ ስታሽ ቆየች። ውሃው ጠርቶ እየወረደ እንኳ አላቆመችም።

"ዛሬ እነሱን ሆንኩ" አለችኝ፣ ዞር ሳትል። "ደግሞ ደስ አለኝ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።"

ዓመታት አለፉ። የሰሜኑ ጦርነት ግን አላለፈም፤ ሰው ይበላል፣ ሌላ ይፈልጋል። ቁስለኛው ሆስፒታሉን ሞልቶ እኛ ዘንድ ድረስ ይደርስ ጀመር። እግር የለው፣ መንጋጋ የለው፣ ሆዱ በብረት ፍንጣሪ የተበሳ። ከገበሬ ቤት፣ ከደቡብ፣ ከወለጋ፣ ከጎጃም የመጡ፣ ሰሜን የት እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ የሄዱ ልጆች። ለተብርሃን ፍንጣሪውን በመቆንጠጫ እያወጣች ሳህን ላይ ስትጥለው፦

"ጥይቱ የሩሲያ፣ ፋሻው የምሥራቅ ጀርመን፣ ዶክተሩ የኩባ። የኛ የሆነው ደሙ ብቻ ነው" ትላለች።

አንድ ቀን አንድ እጁ ከክርኑ የተቆረጠ ወታደር ልታጥብ ስትቀመጥ አነጋገሯን ሰማና በደህናው እጁ ጉሮሮዋን አነቃት። "ዘርሽ ነው እጄን የቆረጠው!" እያለ ነው። ሦስት ሰው ሆነን ታግለን አላቀቅናት። አንገቷ ላይ የጣቶቹ ምልክት እየቀላ፣ ሻሿን አስተካክላ ተመልሳ ተቀመጠች። "እሺ፣ ስድብህን ጨርስ፤ እጅህን ግን አታንቀሳቅስ" አለችውና ፋሻውን መፍታት ቀጠለች። ልጁ ማልቀስ ጀመረ።

የሻምበል ወርቁን ሞት የነገራትም ቁስለኛ ነው። ያኔ ሠራዊቱ ብዙ ሰው ያለቀበት ጊዜ ስለሆነ መርዶ አይነገርም ነበር። አንድ አሥር አለቃ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የጦር ክፍሉን ስም ሲናገር ሰማችው። ቀስ ብላ "ሻምበል ወርቁን ታውቃቸው ነበር?" አለችው።

"ነፍሳቸውን ይማር" አለ፣ ሚስታቸው መሆኗን አላወቀም። "ከከረን ወዲያ ካለው ተራራ ላይ ነው የቀሩት። ወደ ኋላ ስንሸሽ እሳቸው መትረየሱ ጋ ነበሩ።"

"ተቀበሩ?"

"ማን ይቀብራል፣ ሲስተር?"

የሰውየውን ፋሻ ቋጥራ ጨረሰች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ከክፍሉ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብላ ወደቀች።

የሻምበሉ ለቅሶ ላይ የሆነው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ከቤቷ ፊት ለፊት የሚኖሩ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባልቴት ናቸው። ሁለት ልጆቻቸውን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባቸው ሁለቱም እዚያው ሰሜን ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ለብሰው አላወለቁም። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሴቱ ደረቱን እየመታ ሳለ እትዬ አስካለ ገቡና መሃል ቆሙ።

"ለማነው የምታለቅሺ? ማን ገደለው? ወንድምሽ አይደለም እንዴ! ልጆቼን የበላው ወንድምሽ አይደለም!"

ሰው "ኧረ በሕግ!" አለ። እሳቸው ግን ዘለው ፀጉሯን ጨበጡ። ለተብርሃን ተነሥታ በጥፊ አጮለቻቸው። ወንበሩ ተገለበጠ፣ ሁለቱ መሬት ላይ ተያይዘው ወደቁ፤ አንዷ ትነክሳለች፣ አንዷ ትቧጭራለች። እኛ ልናላቅቅ ስንታገል ለተብርሃን ከሥር ሆና፣ በዚያ ጉሮሮዋ ውስጥ በሚወርደው ድምፅ፦

"አዎ ወንድሜ ነው! ባሌንም የበላው ወንድሜ ነው! ምን ላድርግ? የት ልሂድ? ንገሪኛ!" ብላ ጮኸች።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ለቀቁ። እዚያው መሬት ላይ፣ ፀጉራቸው ተበትኖ፣ ፊታቸው ደም በደም ሆኖ፣ ተቃቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ አስካለ ከሷ ቤት አልጠፉም።

ዮናስ አባቱ ሲሞቱ ገና ልጅ ነበር። ጎረመሰ። ያኔ ደግሞ አፈሳው በርትቷል፤ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ መንገድ ላይ የተገኘውን ወጣት እያፈሱ በከባድ መኪና ይጭናሉ። ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ። ለተብርሃን ልጇን ቤት ዘግታ ብታስቀምጠውም ተራው መድረሱ እንደማይቀር ታውቃለች። አንድ እሑድ ቀን ጤና ጣቢያው ዝግ ሳለ እንድመጣ ላከችብኝ። ስገባ ዮናስ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። የተቀቀሉት መሣሪያዎች በጨርቅ ላይ ተደርድረዋል።

"የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ነው" አለችኝ። "ቃታ መሳቢያውን።"

በሩን ዘጋሁት። "ሲስተር፣ ከታወቀ እኮ ይገድሏችኋል!"

"ካልተቆረጠም ይሞታል። ደግሞ ገድሎ ነው የሚሞተው።"

ዮናስ እጁን እያየ፣ "አባዬ ቢኖር ፈሪ ልጅ ወለድኩ ይል ነበር" አለ።

"አባትህ የሚለውን አታውቅም።" ድምፅዋ ተሰበረ፣ መልሳ አጸናችው። "ስማኝ የኔ ልጅ። አጎትህ ከወዲያ ማዶ ነው። አባትህን እሱ ይግደለው ሌላ ይግደለው አላውቅም። አንተ ግን እሱን አትገድለውም፣ እሱም አንተን አይገድልህም። ይሄ ነገር እኔ ቤት ላይ ያበቃል። እምቢ ካልክ አላስገድድህም። መሣሪያውን አነሳለሁ፣ ምሳ እንበላለን።"

ዮናስ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ማደንዘዣውን አብዝታ ወጋችው። እኔ ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። አላመነታችም። አጥንቱ ሲለቅ የሰማሁትን ድምፅ አሁን ስጽፈው እንኳ ጥርሴን ያፋጨኛል። የደም ሥሮቹን ቋጠረች፣ ቆዳውን ሰብስባ ሰፋች፣ በፋሻ አሰረች። "አለቀ፣ ጀግናዬ" ብላ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ጓሮ ወጣች። ከባሕር ዛፉ ሥር ተንበርክካ ስታስመልስ፣ ከዚያ ግንዱን በግንባሯ ስትመታ በመስኮት ዓየኋት።

እንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ቆረጠው ብለን አወራን። ሰፈሩ አመነ፣ ወይም ያመነ መሰለ። ታምሩ ግን አላመነም። ያኔ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሆኖ ምልመላውን የሚመራው እሱ ነው። ያቺ የተሰፋች ጭኑ ትንሽ ታስነክሰዋለች። ጤና ጣቢያ መጥቶ የዮናስን እጅ አስፈትቶ አገላብጦ ዓየ።

"ማሽን ሥጋ ይቦጫጭቃል" አለ። "ይሄ የእጅ ሥራ ነው። 'ቁስል አይዋሽም' የምትይው አንቺው አይደለሽ?"

ለተብርሃን ፋሻውን መልሳ ማሰር ጀመረች።

"ያን ቀን እኔ ስጮህ፣ ማደንዘዣ ነበረሽ። አይደል?"

እባክሽ ዋሺ እያልኩ በልቤ ስጸልይ ነበር።

"ነበረኝ" አለችው። "በሱ ክሰሰኝ። ልጁን ተወው።"

ወሰዷት። ዮናስን ለጠመንጃ ስለማይሆናቸው ደብድበው ለቀቁት። አባቱን አስገድለው ልጁን የሚፈልጉት ሰዎች እሷን የአገር ከዳተኛ አሏት፤ የወንድሟን መዋጋትም ወንጀል አድርገው ጨመሩባት። ሰቅለው የውስጥ እግሯን በሽቦ ገረፏት፤ ያለኝን ለቅሶ ሁሉ እዚያ ጨርሼ ወጣሁ ነው ያለችኝ፣ ሌላውን አልነገረችኝም። ስንቅ የምናመላልሰው እኔና እትዬ አስካለ ነበርን። ስንቁ ሳይነካ ከተመለሰ ሰውየው የለም ማለት ነውና በሩ ላይ ቆመን ሳህኑን እንጠብቃለን። አንድ ቀን ዘበኛው አልቀበልም ሲላቸው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ገፈው መሬት ላይ ጣሉት፦

"ሁለት ልጅ ለዚህ መንግሥት የሰጠሁ እናት ነኝ! አሁን ደግሞ እህቴን? ተኩስ! እኔንም ጨምር!"

ዘበኛው ልጅ ነበር። ሳህኑን ተቀበላቸው።

ግንቦት ላይ ትልቁ ሰውዬ አገር ጥሎ ሸሸ። ከሰሜን የተበተነው ሠራዊት ባዶ እግሩን፣ ጠመንጃውን በዳቦ እየለወጠ በከተማው ፈሰሰ። የካ ያሉት ኤምባሲዎች አጥር ላይ ሰው እንደ ዝንጀሮ ይንጠላጠል ነበር፤ ትናንት የሚያስፈሩ ሰዎች ሚስቶቻቸውን በትከሻ እየገፉ ወደ ባዕድ ግቢ ይወረውራሉ። ታምሩም ሊዘል ሲል ሽቦ ይዞት ከዚያ ማዶ ወደቀ የሚል ሰምቻለሁ፤ እውነቱን አላውቅም። የእስር ቤቱ ዘበኞች ቁልፉን ጥለው ሲጠፉ ለተብርሃን ዳገቱን በእጆቿ አጥር እየያዘች ወጣች። እግሯ አልዳነም፤ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ በተረከዟ ነበር የምትራመደው።

ሃብቶም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከገቡት ተዋጊዎች ጋር ነበር። እኔ እግሯን እያጠብኩላት በሩ ላይ ጥላ ቆመ። ቁምጣ፣ የላስቲክ ሰንደል፣ ትከሻው ላይ ክላሽንኮቭ፣ ፀጉሩ በሙሉ ሸብቷል። "ለተ" አለ።

ብዙ ዓየችው። "ጠመንጃው እዚህ ቤት አይገባም" አለች በአማርኛ።

"ከእጄ አይለይም።"

"እንግዲያው አንተም እዚያው ቁም።"

ግራ ቀኝ ዓየና ለኔ ሰጠኝ። ጠመንጃ ይዤ አላውቅም ነበር፤ እንዲህ ይከብዳል ብዬም አላሰብኩም። ገባ። ግድግዳው ላይ ያለውን የሻምበሉን ፎቶ፣ ጥቁር ጨርቁን ሲያይ ቆመ።

"የት ነው የቀረው?"

ተራራውን ነገረችው። አንገቱን ደፋ። አማርኛውን አልረሳም።

"እዚያ ነበርኩ።"

"አንተ ገደልከው?"

"አላውቅም። ጭስ ነበር። ከፊታችን ያለውን ሁሉ ነበር የምንመታው። አላውቅም፣ ለተ።"

በማትቆምበት እግሯ ተነሥታ መታችው። በጥፊ፣ በቡጢ፣ ከንፈሩ እስኪደማ። እጁን እንኳ አላነሳም። ዮናስ ከጓዳ ሮጦ መጥቶ እናቱን ከኋላ አቀፋት። ያኔ ነው ሃብቶም የልጁን እጅ ያየው።

"ይሄስ?"

"እኔ ነኝ" አለች እያለከለከች። "ከአንተ ነው ያስጣልኩት። አንተንም ከሱ።"

ሃብቶም መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ። እኔ ጠመንጃውን ይዤ በር ላይ እንደቆምኩ ነኝ። ብዙ ቆይታ ለተብርሃን ከአልጋው ጫፍ ላይ አረፍ አለችና በሌላ ድምፅ፣ በነርስ ድምፅ፣ ጠየቀችው።

"ማን ቀበራቸው?"

"ማንም። ድንጋይ ነው፣ አይቆፈርም። ከነሱም፣ ከኛም የቀሩ አሉ። ሁሉም እንዳለ ነው።"

"ቦታውን ታውቀዋለህ?"

"ዓይኔን ጨፍኜ።"

"እንሂድ" አለች።

እንግዲህ ሰው አገሯ ነፃ ወጣላት፣ ሄደች ብሎ አወራ። እሷ የሄደችው የመንዙን ባሏን አጥንት ፍለጋ ነው፤ መሪዋም ሊገድለው ይችል የነበረው ወንድሟ ነው። ዮናስ ትምህርቱን እንዲጨርስ እኔ ዘንድ ቀረ። የምትሄድ ዕለት እትዬ አስካለ መኪናው ድረስ መጡ። ስንቅ ያመጡ መስሎን ነበር፤ እጃቸው ባዶ ነው።

"ለታናሹ ምልክት የለኝም" አሉ። "ትልቁ ግን ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰብሮ፣ ወጌሻው አጣሞ ነው የገጠመው። አጥንት ታውቂ የለ። ካየሽ…"

"እሺ" አለቻቸው።

ከዚያ አስመራ ያሉት እናቷ ታመሙባት፣ ማስታመም ጀመረች። እሷ እዚያ እያለች እዚያ ሌላ አገር ሆነ። ተመልሳ የመጣችው ለዮናስ ሠርግ ነው፤ ሁለቱ አገሮች ገና ሳይዋጉ። በባዕድ ፓስፖርት፣ ቪዛ ተመትቶላት ወደ ገዛ ቤቷ ገባች። "መቼ ነው የምትመለሺው ብሎ ጠየቀኝ የኤርፖርቱ ልጅ" አለችኝ እየሳቀች፣ ጠባሳው ከንፈሯን ወደ ጎን እየጎተተው። "የት ነው የምመለሰው ብዬ ግራ ገባኝ።"

እትዬ አስካለ የሠርጉ ዋዜማ መጡ። እርጅናው ጎንበስ አድርጓቸዋል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ እጇን ያዙ።

"ዓየሽልኝ?"

ለተብርሃን ዓይናቸውን ዓየች። "ዓየሁት። ክንዱ እንዳልሽው ነው፣ ከክርኑ በላይ ጠሞ። በእጄ ነው የቀበርኩት፤ ታናሹንም አጠገቡ። ነጭ አልብሻቸዋለሁ።"

አሮጊቷ መሬት ሳሙ፣ እግሯን ሊስሙ ሲሉ አነሳቻቸው። እልል አሉ፣ አለቀሱ፣ ሄዱ።

ብቻችንን ስንሆን፣ "እውነት አገኘሻቸው?" አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ የታመመ እግሯን እያሸች ቆየች። "ጫልቱዬ፣ እዚያ ተራራ ላይ ያልጠመመ አጥንት የለም። ወርቁንም አላገኘሁትም። የኛን ከነሱ፣ የነሱን ከኛ የሚለይ ነገር የለም፤ ጫማው እንኳ በስብሷል። ሃብቶም ድንጋዩን በዶማ እየፈለጠ ቆፈረ፣ እኔ ያገኘሁትን ሁሉ በአንሶላ ጠቀለልኩ። አንድ ላይ አስገባናቸው።"

በማግስቱ እትዬ አስካለ ያን ሁሉ ዘመን የለበሱትን ጥቁር አውልቀው፣ ነጭ የአገር ልብስ ለብሰው ሠርግ ቤት መጡ። ሰው ዓይኑን አላመነም። ከለተብርሃን አጠገብ ተቀምጠው፣ ለሚያልፈው ሠርገኛ ሁሉ ትከሻዋን እየነኩ፣ "ልጆቼን የቀበረችልኝ እህቴ ናት" እያሉ ያስተዋውቋት ነበር። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ የሚዘረጋላትን እጅ ሁሉ በሁለት እጇ ትቀበል ነበር።